ላራስ ዛሬ ምን አለች?

"ዛሬ ምን አልኩ?" ስትል ጠየቀች ላራስ።

ኢቡ ሱሚኒ በዓሣዋ ላይ የሚያንዣብበውን ዝንብ እያባረረች ሳቀች። በጃቫ አገር ትልልቅ ሴቶች ኢቡ፣ ትልልቅ ወንዶች ደግሞ ፓ ወይም ባፓ ተብለው ይጠራሉ፤ ሱሚኒ በሠፈሩ ሁሉ ኢቡ የተባለች አሮጊት ዓሣ ሻጭ ናት። "ሃርጆኖን ልክ ልኩን ነገርሽዋ! ሌባ ነው አልሽ። የባሕሩን ግንብ በአሸዋ ነው የሠራው፣ ዛሬ ነገ ይናዳል አልሽ። አንጀቴን አራስሽኝ።"

ላራስ አመስግና የቀርከሃውን አጥር ዞረችና ወደ አባቷ ቤት ገባች። አባቷ ፓ ዊርዮ ጡረታ የወጡ የጀልባ ሜካኒክ ናቸው። ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉላት፤ እሷም በአገሩ ወግ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አስነካች።

"ስለ ሃርጆኖ የተናገርሽው ደስ አለኝ" አሏት። "እሱ ባይኖር ካራንግሳሪ ይኼኔ የዓሣ መኖሪያ ነበር አልሽ። እውነትሽን ነው። ግንቡ እኮ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።"

"እኔ አልኩ?"

"አንቺ ነሽ እንጂ ሌላ ማን ይነግረኛል? መድኃኒቴንም እንዳልረሳ አስታወስሽኝ።"

ሱሚኒም ፓ ዊርዮም አልዋሹም። ሁለቱም በዚያው ጠዋት የላራስን ፊት አይተዋል፤ የላራስን ድምፅ ሰምተዋል። ላራስ ግን በዚያ ሰዓት ከተማው ማዶ ባለው ቤቷ ተኝታ ነበር።

ታንጁንግ ራዋ በጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ከባሕር በታች የምትኖር ከተማ ናት። ይህ ለማጋነን አይደለም። መሬቱ ዓመት ከዓመት እየሰጠመ ስለሄደ፣ በካራንግሳሪ ሠፈር ጎዳና የቆመ ሰው መርከቦቹን የሚያያቸው አንጋጦ ነው። ሠፈሩን ከባሕሩ የሚለየው ግንቡ ብቻ ነበር። ግንቡን ያሠራው ከንቲባው ሃርጆኖ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ዳግም ለመመረጥ ይወዳደር ነበር።

ላራስ በወጣትነቷ የጋዜጣ ሪፖርተር ነበረች። ጋዜጣው ወደ ስልክ ገባ። ስልኩ ላይ ያለው ጽሑፍ እያጠረ እያጠረ ሄዶ ርዕሱ ብቻ ቀረ፤ ቆይቶ ርዕሱንም የሚነካው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ የዜና ቤቶቹ አንድ ነገር ገባቸው፤ ሰው የሚያምነው ዜናን ሳይሆን ሰውን ነው። የምትሠራበት ፓንታይ የተባለው የዜና ቤት ያኔ ፊቷንና ድምፅዋን በውል ወሰደ። ጎርፍ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስትዘግብ ያያት ሕዝብ ይወዳት ስለነበር ከሌሎቹ ሁሉ የእሷ ፊት ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዜና አልጻፈችም። አልፎ አልፎ ስቱዲዮ ትጠራለች፤ እዚያ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ ትገረማለች፤ ዕድሜዋ ሲጨምር የስክሪኑም ፊት አብሯት እንዲጨምር ይቀርጿታል። የቀረውን ኮምፒውተር የሚያናግረው ፊት ራሱ ይሠራዋል። እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ ያ ሰው ሳያጠፋ የሚሰማውን ዜና ይነግረዋል።

መንገድ ላይ የማታውቀው ሰው አቅፎ ይስማታል። አውቶቡስ ውስጥ አንዷ "ልጄ ሲዳር እንኳን ደስ አለሽ ስላልሽኝ አልረሳሽም" ትላታለች፤ በሚቀጥለው ፌርማታ የሚሳፈረው ደግሞ ትናንት ያለችውን አንስቶ ይሰድባታል። ላራስ ሁለቱንም አንገቷን ዝቅ አድርጋ ትቀበላለች። መጀመሪያ ሰሞን እኔ አይደለሁም ትል ነበር፤ ሰዎቹ ቅር እያላቸው ሲሄዱ ስታይ ተወችው።

ከምርጫው ሳምንት ቀደም ብሎ ባስኮሮ ሻይ ቤት ጠራት። ባስኮሮ የጥንት ባልደረባዋ ነው፤ በፓንታይ ቤት በእግሩ ሄዶ ዜና የሚያመጣ ሰው እሱ ብቻ ቀርቷል።

"ሰሜን በር ጋ ግንቡ ውሃ ያስገባል" አላት ገና ሳትቀመጥ። "ውሃው ደግሞ ንጹሕ አይደለም፤ ከሥሩ አፈር ይዞ ነው የሚወጣው። ከመሐንዲሶቹ ጋር ቁጭ ብዬ አውርቻለሁ። የቅዳሜውን የባሕር ሙላት ይችላል ብሎ የሚምል የለም።"

"ታዲያ አልጻፍከውም?"

"ጻፍኩት እንጂ። ወጥቷል እኮ! ኮረብታው ላይ የሚኖረው ሰው ሁሉ አንብቦታል። ሃርጆኖን እየረገሙ ነው ያነበቡት።"

"ካራንግሳሪስ?"

ባስኮሮ ብርጭቆውን አዟዟረው። "እዚያ ሲደርስ ያጠፉታል። ደጋፊዎቹ ናቸዋ። የሚያጠፉትን ዜና ደግሞ ማን ይልክላቸዋል? የሃርጆኖ ጠላት ለሆኑት ለጥቂቶቹ ደርሷል። እነሱም ግንቡ ሊፈርስ ነው ሲባሉ ስንት ዓመታቸው ነው። ለምደውታል።"

ላራስ ሻይዋን ሳትነካ ተነስታ በቀጥታ ወደ ዜና ቤቱ ሄደች።

ዋና አዘጋጇ ኢቡ ኩሱማ ጥሩ ሰው ነበረች። በሯን ዘግታ ላራስን አጠገቧ አስቀመጠቻት፤ እስከ መጨረሻውም ሳታቋርጥ አዳመጠቻት።

"ማንም አልደበቀውም ላራስ" አለች በኋላ። "ወጥቷል። ብዙ ሰው አንብቦታል። የዓመቱ ምርጥ ዘገባችን ነው።"

"ግንቡ ሥር የሚኖሩት ግን አላነበቡትም። አባቴ አላነበቡም። በእኔው ፊትና ድምፅ ነገ ጠዋት ይነገራቸው። አንድ ቀን ብቻ።"

"በእጅ እንዳስገባው ነው የምትጠይቂኝ?"

"አዎ።"

"ምርጫ ላይ ነን እኮ።" የኢቡ ኩሱማ ድምፅ የእውነት ያዘነ ሰው ድምፅ ነበር። "በምርጫ ሰሞን ዜናው ላይ የሰው እጅ እንዳይገባ ሕግ የወጣው ስንት ታግለን ነው። አንቺም ሰልፉ ላይ ነበርሽ፤ ባለሀብቶቹ እየደወሉ ይህን ጨምሩ፣ ያንን አውጡ እንዳይሉን ብለን። ዛሬ እኔ እጄን ባስገባ ነገ ቤቱ ይዘጋል። እኔም ባስኮሮም እስር ቤት ነን።"

"እንግዲያው ፊቴን መልሱልኝ።"

"ከምርጫው በኋላ ማመልከት ትችያለሽ። ውሉ ላይ አለ።"

ላራስ ከዚያ ስትወጣ የምትቆጣው ሰው አጣች። ደረጃውን እስክትጨርስ ድረስ አንድ ክፉ ሰው በሐሳቧ ስትፈልግ ነበር፤ አላገኘችም።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ በካራንግሳሪ መስጊድ ግቢ ቆመች። ሼሁ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋት ስለነበር እንድትናገር ፈቀዱላት። ሰዉ ተሰበሰበ። ላራስ ባስኮሮ ያየውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለሚገባው ውሃ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ቅዳሜው ሙላት። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ሰው ፊት ቆማ በገዛ አፏ ከተናገረች ብዙ ዘመኗ ነበር።

ንግግሯን ሳትጨርስ የአንዱ ሰውዬ ስልክ በራ። ቀጥሎ የሌላው። በየእጁ ላይ የላራስ ፊት ፈገግ ብሎ ወጣ፤ ያኛው ድምፅ አልተንቀጠቀጠም።

"የካራንግሳሪ ወገኖቼ" አለ ፊቱ። "በምርጫ ሰሞን እኔን መስለው የሚዞሩ አይጠፉም። አትደናገጡ። እኔ እንደ ሁልጊዜው እዚሁ ከእናንተ ጋር ነኝ።"

ሰዉ ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ። የሰደባት የለም። በዚያ አገር እንግዳ በአደባባይ አይዋረድም። አንዲት ሴት ስኳር የበዛበት ሻይ አምጥታ "ጠጪ፣ ደክሞሽ ይሆናል" አለቻት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "ፓ ዊርዮ፣ ይቺ ልጅዎ ናት?"

ፓ ዊርዮ ላራስን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ልጄ ናት" አሉ። ቀጥለውም "ዜናውን የምታውቀው ግን ያቺኛዋ ናት" አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዷን ይዘው በዝግታ ይራመዱ ነበር። "አትቀየሚኝ" አሏት። "ያቺኛዋ በየቀኑ ትመጣለች። እግሬን እንዴት ዋልክ ብላ ትጠይቀዋለች። አንቺ መቼ ነበር የመጣሽው?"

ላራስ አባቷን አስገብታ አጥሩን ዞራ ሱሚኒ ዘንድ ሄደች። ሱሚኒ በተረፋት ዓሣ ላይ ጨው እየነሰነሰች ነበር።

"ኢቡ፣ ቅዳሜ እዚህ እንዳይውሉ። ግንቡ ሊፈርስ ነው።"

"ይኼንንማ ትናንትም ነግረሽኛል።"

"የዛሬው እውነት ነው።"

"የትናንቱስ ምን ነበር?" አለች ሱሚኒ። ለማላገጥ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ የላራስን ጉንጭ ዳሰሰች። "እኔ ሁልጊዜም አምንሻለሁ ልጄ። ግን በየቀኑ ዕቃዬን ተሸክሜ ኮረብታ ልወጣ ነው? ሃርጆኖ የአባቴን የዓሣ ኩሬ ለግንቡ ብሎ ሲወስድብኝ ያልለቀቅኩትን ቤት አሁን አልለቅም።"

ላራስ ያን ቀን አባቷ ዘንድ አደረች። ጠዋት እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበችላቸው ሳለ ፓ ዊርዮ ስለ ሃርጆኖ አነሱ፤ ይህን ያህል ስንደግፈው አንድ ቀን እንኳ በዓይናችን አላየነውም፣ ብናየው ምን አለበት አሉ። ላራስ ቀና አለች። የምትለውን ከማሰቧ በፊት አፏ ተናገረው።

"ቅዳሜ ይመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት። የካራንግሳሪን ሰው በሙሉ ሊያመሰግን ነው አሉ።"

"እውነት?"

"ጠዋት ነው የሚጀምረው። ቀኑን ሙሉ ይቆያል።"

በሪፖርተርነት ዘመኗ ያላየችውን አየሁ፣ ያልሰማችውን ሰማሁ ብላ አታውቅም ነበር። የአባቷን እግር በፎጣ አደረቀች። ፓ ዊርዮ ግን ከዚያ በላይ የሚጠይቁት አልነበራቸውም። ተነስተው ለጎረቤት ነገሩ። ጎረቤት ለመስጊዱ ሰዎች ነገረ። ሴቶቹ ምን እንደሚለብሱ እየተጠያየቁ በስልክ ተላላኩ። ገና ሳይመሽ፣ በስልክ የተላላኩትን የለቀመው የላራስ ፊት በየቤቱ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ፣ ሃርጆኖ ቅዳሜ ከካራንግሳሪ ሕዝብ ጋር እንደሚገናኝ አበሰረ።

በማግስቱ የሃርጆኖ ምርጫ ቢሮ ቀጠሮውን አረጋገጠ። ሠፈር ሙሉ ሕዝብ ከንቲባው ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ አይተው ዝም ሊሉ አልቻሉም፤ ድንኳን አስተከሉ፣ ሙዚቀኞች ቀጠሩ። ላራስ ዜናውን ሰማች። ውሸቷ ይጋለጣል ብላ ስትፈራ ነበር ያደረችው። አሁን የሚጋለጥ ነገር አልነበረም። እውነት ሆኗል።

ቅዳሜ ጠዋት ካራንግሳሪ ባቲክ የሚባለውን የክት ልብሱን ለብሶ ኮረብታውን ወጣ። አሮጊቶች በሞተር ብስክሌት ታቅፈው ተወሰዱ፤ ሕፃናት በነጠላ ጫማ እየሮጡ ቀደሙ። ላራስ አባቷን ደግፋ ከመካከል ሄደች። ድንኳኑ ሥር ሃርጆኖ እጁን እያውለበለበ ቆሞ ነበር፤ በስክሪን ከሚታየው አጠር ያለ፣ ላብ በላብ የሆነ ሰውዬ። ፓ ዊርዮ እጁን ሲጨብጡ አለቀሱ።

ላራስ ዓይኗን በሰዉ መሃል አዞረች። "ኢቡ ሱሚኒን ያየ አለ?"

"ሱሚኒ?" አለች የዚያን ዕለት ሻይ ያጠጣቻት ሴት። "ሃርጆኖ ባለበት? ሞቷ ነው! ስንወጣ ጠርተናት ነበር። ዛሬ ኮረብታ የወጣ ራሱን ሸጠ፣ ቤቱ የተቀመጠ ግን ሃርጆኖን አሳፈረ ተብያለሁ አለችን።"

"ማን ነው ያላት?"

ሴትዮዋ ግራ ገባትና አየቻት። "አንቺ ነሻ። ጠዋት ነገረችኝ ነው ያለችው።"

ላራስ ቁልቁል ሮጠች። የኮረብታውን ግማሽ ሳትደርስ ድምፁን ሰማችው። ፍንዳታ አልነበረም። ከባድ መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው፤ ግን አላቆመም። ከዚያ ባሕሩ በሰሜን በር በኩል ገባ። ቡናማ ነበር፤ ሲያዩት የሚቸኩልም አይመስልም፤ የቤቶቹን በር አንድ በአንድ እየከፈተ በጎዳናው መጣ። ሁለት ፖሊሶች ክንዷን ይዘው አስቀሯት። ሱሚኒ! እያለች ስትጮህ አንደኛው ፖሊስ አወቃት፤ "እህቴ፣ አንቺማ ተረጋጊ፣ ሕዝቡ ያይሻል" አላት።

ሱሚኒን ውሃው ከጎደለ በኋላ አገኟት። በሯን ከውስጥ ቀርቅራ ነበር። እንደ እሷ ሃርጆኖን የሚጠሉ ጥቂት ሌሎች ሰዎችም በየቤታቸው ተገኙ።

የቀረው ሠፈር በሙሉ ተርፏል። ሃርጆኖ ከነላቡ፣ ከነጭቃው፣ ሕፃን ታቅፎ በየስክሪኑ ታየ። ሕዝቡን ከሞት የጠራ ከንቲባ ተባለ፤ ግንቡን ማን እንደሠራው የጠየቀ አልነበረም። የጠየቀው ባስኮሮ ብቻ ነው። ጽሑፉ ወጣ። ኮረብታው ላይ የሚኖሩት አነበቡት፣ ተናደዱ፣ ለወዳጆቻቸው አስተላለፉት። ሃርጆኖ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

የተፈናቀሉት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰነበቱ። ከምርጫው ማግስት ላራስ ለአባቷ ገንፎ ይዛ ገባች። ፓ ዊርዮ በአንድ ክፍል ጥግ፣ ፍራሽ ላይ፣ ስልካቸውን አስደግፈው ተቀምጠው ነበር። የስክሪኑ ላራስ ሌሊቱ በረደዎት ወይ እያለች ትጠይቃቸዋለች። አባቷ ስልኩን ገለበጡት።

"ባፓ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ" አለች። "ሃርጆኖ አልጠራዎትም። ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ፈጥሬ ነው የተናገርኩት።"

ፓ ዊርዮ የተቀበሉትን ገንፎ አልቀመሱትም። ገንፎው እጃቸው ላይ ቀዘቀዘ።

"እንዲህ ነው ለካ" አሉ። "ሱሚኒንስ ቤትሽ ተቀመጪ ያላት ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንቺ አይደለሽም።"

"ማን ነው እንግዲህ፣ ባፓ? ለሠፈሩ ሰው ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ፣ ለእሷ ሲሆን እኔ አይደለሁም ልበል?"

አባቷ በእርጅና የደነደነውን እጃቸውን አንስተው ራሷ ላይ አደረጉት። ክፍሉ ማዶ አንድ ቤተሰብ ለሃርጆኖ ዱዓ ያደርግ ነበር።

ላራስ ፊቷ እንዲመለስላት አመለከተች። ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም፤ በአደጋ ማግስት ሕዝብ የሚያምነውን ፊት ማንሳት ድንጋጤ ይፈጥራል ተባለ። በዚያው ሳምንት ስቱዲዮ ተጠራች።

የምስል ቀራጿ አዲስ የተቀጠረች፣ ትሑት ሴት ነበረች። ወንበሯን አመቻቸችላት፤ መብራቱን ዓይኗን እንዳይወጋት ዝቅ አደረገችው። "የሐዘን ፊትዎ አርጅቷል" አለቻት ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። "የሞቱትን ስንዘግብ ሰዉ ልብ ብሎታል። ትንሽ ሐዘን ብቻ ነው የምንፈልገው፤ ከዚያ ይሄዳሉ።"

ላራስ ፊቷን ድንጋይ አደረገችው። ምንም ላለመስጠት ወስና ነበር የመጣችው። ጥርሷን ነክሳ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ሌንሱን አየችው። ደቂቃዎች አለፉ። ቀራጿ አልተቆጣችም፤ አልተጣደፈችም። ወንበሯን ስባ አጠገቧ ተቀመጠችና እንደ እህት እጇን ያዘቻት።

"ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ" አለቻት። "አንድ ሰው ያስቡ። የሚወዱት፣ የሚያምንዎት ሰው።"

ላራስ ላለማሰብ ሞከረች። ጣሪያውን አየች፤ ሽቦዎቹን አየች። ጨው የነካው እጅ ጉንጯን ሲዳስሳት ተሰማት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ልትይዘው ብትታገል አልቻለችም፤ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ከሆዷ አለቀሰች።

"እጅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ" አለች ቀራጿ በለሆሳስ። "እባክዎ፣ ፊትዎ እንዲታይ።"

ላራስ እጇን አወረደች።